ሰርቨርን በሥርዓት ማስነሳትና ማቆም በፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ፦ በክሎዠር ደረጃ በደረጃ

ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግን መማር የጀመረ ሰው ቶሎ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ ፈንክሽን ከተሰጠው ግብአት በቀር ምንም አይመልከት፣ ከሚመልሰው ውጤት በቀርም ምንም አይንካ። የዌብ ሰርቨር ግን ገና ሲነሳ ይህን ምክር ይጥሳል። ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፖርት ይይዛል፣ ትሬዶችን (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮችን) ያሰማራል፣ ከዳታቤዙ ጋር ግንኙነቶችን ይከፍታል፤ እነዚህ ሁሉ ደግሞ አንድ ሰው እስኪዘጋቸው ድረስ ከፈንክሽኑ ውጭ ይኖራሉ። ብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች ጥያቄን ወደ ምላሽ የሚለውጠውን ንጹሕ ፈንክሽን በዝርዝር ካብራሩ በኋላ ሰርቨሩን ማስነሻ ላይ ሲደርሱ በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ማቆሚያውንማ ከነጭራሹ አያነሡትም። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ያንኑ የሚታለፈውን ክፍል ነው።

ምሳሌዬ ክሎዠር ነው። ሪች ሂኪ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ያወጣው ይህ ቋንቋ የሚሠራው በጃቫ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ስለሆነ፣ ስለ ሲግናልና ስለ ትሬድ የምለው አብዛኛው ነገር ስካላን ለሚጽፍ ሰውም ያገለግላል። ለሰርቨርነት ኤችቲቲፒ-ኪት የተባለውን የክሎዠር ላይብረሪ መርጫለሁ። የክሎዠርን ቃላት እንደሚነበቡ አድርጌ በፊደላችን ስለምጽፋቸው፣ በኤዲተር ላይ ስትጽፏቸው ወደ ላቲን መመለስ የእናንተ ሥራ ይሆናል። ለራሳችሁ ፈንክሽኖች የምታወጡትን ስም ግን መመለስ የለባችሁም፤ ክሎዠር በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ያለ ችግር ይቀበላል፣ እኔም «አስነሳ» እና «አቁም» የሚሉትን ስሞች እንዳሉ እጠቀማለሁ።

ደረጃ 1፦ ማስነሻው ማቆሚያውን ይመልስ

ኤችቲቲፒ-ኪትን የሚያስነሳው ፈንክሽን «ረን-ሰርቨር» ይባላል። ሁለት ነገሮችን ይቀበላል፤ አንደኛው ጥያቄን ተቀብሎ ምላሽን የሚመልሰው ሃንድለር ሲሆን፣ ሁለተኛው የፖርት ቁጥርና ሌሎች ምርጫዎች የተጻፉበት ማፕ (ስምና ዋጋ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚቀመጡበት ስብስብ) ነው። በነባሩ አሠራሩ የሚመልሰው ራሱ ሌላ ፈንክሽን ነው፤ ያ ፈንክሽን ሲጠራ የተነሳውን ሰርቨር ያቆማል። በእኔ አስተያየት ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚወሰድ ቢሆን ይህ ሐሳብ ቢወሰድ ይሻላል። ማቆሚያው ከማስነሻው የሚወለድ ከሆነ፣ ያልተነሳን ነገር ለማቆም መሞከር ወይም የአንዱን ሰርቨር ማቆሚያ ለሌላው መስጠት አስቸጋሪ ይሆናል፤ በእጃችሁ ማቆሚያ ካለ የሚቆም ነገር ተነሥቷል ማለት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ «አስነሳ» የሚባል ፈንክሽን ጻፉ። ግብአቱ ፖርቱን፣ ሃንድለሩንና የመጠበቂያ ጊዜውን የያዘ ማፕ ይሁን። ፖርቱን ከኢንቫይሮመንት ቫሪያብል የሚያነበው «አስነሳ» ራሱ መሆን የለበትም፤ የሚነበበው በዋናው ፈንክሽን ውስጥ አንድ ጊዜ ነው፣ ከዚያ እንደ ተራ ዋጋ ይተላለፋል። «አስነሳ» ውስጥ ከተነበበ ለፈተና ሌላ ፖርት መስጠት ያስቸግራል።

«አስነሳ» ውስጥ «ረን-ሰርቨር»ን ስትጠሩ «ሌጋሲ-ሪተርን-ቫልዩ?» የሚለውን ምርጫ ፎልስ አድርጉት። ይህን ስታደርጉ በማቆሚያው ፈንክሽን ፋንታ የሰርቨሩ ኦብጀክት ይመለስላችኋል፤ እርሱንም «ሰርቨር-ስቶፕ!» በሚባለው ፈንክሽን ታቆሙታላችሁ። ከፍ ብዬ ያመሰገንኩትን ነገር ወዲያው መተዌ ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ ምክንያቱ ግን «ሰርቨር-ስቶፕ!» ፕሮሚስ (ዋጋው በኋላ የሚሞላ መያዣ) መመለሱ ነው። ፕሮሚሱ የሚሞላው ሰርቨሩ በእርግጥ ሲቆም ስለሆነ፣ እርሱን ዲሬፍ አድርጎ (ዋጋው እስኪሞላ ቆሞ) የጠበቀ ሰው ቀጥሎ ዳታቤዙን ሲዘጋ ገና በሥራ ላይ ያለ ሃንድለር እግር ሥር ምንጣፉን አይስብም። ሰርቨሩ ቀድሞ ቆሞ ከሆነ ግን የሚመለሰው ኒል (ባዶ ዋጋ) ስለሆነ፣ ዲሬፍ ከማድረጋችሁ በፊት ያንን አረጋግጡ። «አስነሳ» በመጨረሻ የሚመልሰው ይህን ሁሉ በውስጡ የያዘና ምንም ግብአት የማይፈልግ የእናንተ ፈንክሽን ነው፤ ጠሪው በውስጡ ኦብጀክት ይኑር ፕሮሚስ ማወቅ አያስፈልገውም።

ለማቆሚያው የመጠበቂያ ጊዜ መስጠት አትርሱ። ይህ ጊዜ በሚሊሰከንድ የሚለካ ጣሪያ ነው፤ የተጀመሩት ጥያቄዎች ቀድመው ካለቁ ሰርቨሩም ቀድሞ ይቆማል። ምንም ሳትነግሩት ካቆማችሁት ግን ለረጅም ጥያቄ የሚበቃ ትዕግሥት የለውም።

በሪንግ (በክሎዠር የዌብ ላይብረሪ) በኩል ጄቲ የተባለውን ሰርቨር የምትጠቀሙ ከሆነ ቅርጹ አይለወጥም። «ረን-ጄቲ» በነባሪነት የጠራውን ትሬድ ይዞ ስለሚቆም «ጆይን?» የሚለውን ምርጫ ፎልስ አድርጉ፤ የሚመለሰውን ኦብጀክት የሚያቆም ፈንክሽን ጽፋችሁም እርሱን መልሱ። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ ጄቲ የተጀመሩ ጥያቄዎች እስኪያልቁ እንዲጠብቅ የስቶፕ ታይምአውት ቁጥር መስጠት ብቻውን አይበቃም። እስከ ስሪት 11 ድረስ ስታቲስቲክስ-ሃንድለር፣ በስሪት 12 ደግሞ ግሬስፉል-ሃንድለር የተባለው ክፍል በሃንድለሮቹ ሰንሰለት ውስጥ መግባት አለበት።

ደረጃ 2፦ ማቆሚያውን ማስቀመጥ

ፕሮግራሙ በምርት ላይ ሲሠራ ማቆሚያውን የት እናስቀምጥ የሚለው ጥያቄ ቀላል ነው፤ በዋናው ፈንክሽን ውስጥ በሌት (በዚያ ክፍል ብቻ የሚታይ ስም በሚሰጠው ትእዛዝ) ይያዛል። ችግሩ የሚመጣው በሬፕል (ኮድ እየጻፍን ወዲያው በምናስኬድበት መስኮት) ስንሠራ ነው። ፋይሉን ዳግመኛ ስትጭኑ ማቆሚያውን የያዘው ስም በአዲስ ዋጋ ይተካል፣ የቀድሞው ማቆሚያ ይጠፋል፣ ሰርቨሩ ግን ፖርቱን እንደያዘ ይቀራል። ከዚያ በኋላ አድራሻው ተይዟል የሚለው የባይንድ ኤክሴፕሽን ይመጣል፣ ብዙ ሰውም ተስፋ ቆርጦ ሬፕሉን ራሱን ይዘጋል።

መፍትሔው ማቆሚያውን በአተም (ዋጋው ሊለወጥ በሚችል መያዣ) ውስጥ አስቀምጦ አተሙን በ«ዴፍወንስ» መሰየም ነው፤ በዚህ መንገድ የተሰየመ ነገር ፋይሉ ቢጫንም አይተካም። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች አተሙን በ«ስዋፕ!» ለመለወጥ ይሞክራሉ፣ ሰርቨሩንም በዚያው ፈንክሽን ውስጥ ያስነሱታል። ይህ ስሕተት ነው። «ስዋፕ!» ሌላ ትሬድ በመሃል አተሙን ለውጦት ካገኘ የሰጣችሁትን ፈንክሽን እንደገና ይጠራዋል፤ ንጹሕ ፈንክሽን ሁለቴ ቢጠራ ምንም ጉዳት የለውም፣ ሰርቨር የሚያስነሳ ፈንክሽን ሁለቴ ቢጠራ ግን ሁለተኛው ጥሪ በመጀመሪያው የተያዘውን ፖርት ሊይዝ ሲል ይወድቃል፣ የመጀመሪያውም ማቆሚያ በማንም እጅ አይገባም። የንጽሕና ምክር ለጌጥ አለመሰጠቱ በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ይታያል።

ስለዚህ ማስነሻውን በ«ሎኪንግ» (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ በሚያስገባው) ውስጥ አድርጉት፤ አተሙ ባዶ መሆኑን አይታችሁ አስነሡ፣ ማቆሚያውንም በ«ሪሴት!» አስቀምጡ። ለ«አቁም» ደግሞ ከክሎዠር 1.9 ጀምሮ ያለው «ሪሴት-ቫልስ!» ይጠቅማል፤ አተሙን ወደ ኒል ሲመልስ የቀድሞውንና የአሁኑን ዋጋ በአንድነት ይሰጣችኋል። የቀድሞው ዋጋ ፈንክሽን ከሆነ ትጠሩታላችሁ፣ ኒል ከሆነ ትተዉታላችሁ። በዚህ አሠራር «አቁም» አሥር ጊዜ ቢጠራም ማቆሚያው የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ይህም በደረጃ 4 ሲግናል ሲመጣ ያስፈልገናል።

ሃንድለሩን በተመለከተ አጭር ነገር ልጨምር። ለ«ረን-ሰርቨር» የሃንድለሩን ስም እንዲሁ ከሰጣችሁት ሰርቨሩ የሚይዘው በዚያች ቅጽበት የነበረውን ፈንክሽን ነው፤ በኋላ ብትለውጡት አያየውም። ከስሙ በፊት የሃሽ ምልክትና ነጠላ ጥቅስ ጨምራችሁ ቫሩን ራሱን ብትሰጡት ግን በየጥያቄው አዲሱን ፈንክሽን ይፈልጋል። ሰርቨሩን በየደቂቃው የሚያስነሱና የሚያቆሙ ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ስላላወቁ ነው።

ደረጃ 3፦ ብዙ ክፍሎችን በቅደም ተከተል ማስነሳት

ብቻውን የሚቆም ሰርቨር ብርቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሥሩ የዳታቤዝ ግንኙነቶች ፑል (ተከፍተው የተዘጋጁ ግንኙነቶች ስብስብ) አለ፣ አጠገቡ ደግሞ ኢሜይል የሚልክ ወይም ሰነድ የሚያዘጋጅ የጀርባ ሠራተኛ አለ። ፑሉ መጀመሪያ ይነሳል፣ ቀጥሎ ሠራተኛው፣ በመጨረሻ ሰርቨሩ፤ ምክንያቱም በሩ የሚከፈተው ውስጡ ከተሰናዳ በኋላ ነው። ሲዘጋ በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ምግብ ቤት የሚዘጋ ሰው በሩን ሳይቆልፍ ምድጃውን አያጠፋም፤ በሩን ይቆልፋል፣ የገቡትን አስተናግዶ ይሸኛል፣ ከዚያ እሳቱን ያጠፋል።

ይህን ያለ ምንም ተጨማሪ ላይብረሪ መጻፍ ይቻላል። እያንዳንዱ ማስነሻ እስካሁን የተነሱት ክፍሎች ያሉበትን ማፕ ይቀበል፣ ሁለት ነገር የያዘ ቬክተርም ይመልስ፦ የተነሳውን ነገርና ማቆሚያውን። የማስነሻዎቹን ዝርዝር በ«ሪዱስ» እያለፋችሁ የተነሳውን ወደ ማፑ፣ ማቆሚያውን ወደ አንድ ሊስት ጨምሩ። የክሎዠር ሊስት በ«ኮንጅ» ሲጨመርበት አዲሱን ከፊት ስለሚያስቀምጥ፣ ሥራው ሲያልቅ የማቆሚያዎቹ ሊስት በተፈለገው በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ሊስቱን በቬክተር ከተካችሁት ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፣ ፑሉም ከሰርቨሩ በፊት ይዘጋል፤ ይህን ጥፋት በራሴ ኮድ ውስጥ ያገኘሁት ሃንድለሮች በየማታው ስለተዘጋ ፑል ሲያማርሩ በሎግ ካየሁ በኋላ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚዘነጋው ግማሽ መንገድ ላይ የሚወድቅ ማስነሻ ነው። ፑሉ ተነሣ፣ ሠራተኛው ተነሣ፣ ሰርቨሩ ግን ፖርቱ ተይዞ ስላገኘው ኤክሴፕሽን ወረወረ እንበል። ኤክሴፕሽኑ በቀጥታ ወደ ላይ ከወጣ ፑሉና ሠራተኛው ያለ ባለቤት ይቀራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ማስነሻ በትራይ ውስጥ ጥሩት፤ ሲወድቅ እስከዚያ የተጠራቀሙትን ማቆሚያዎች በሙሉ ጥሩና የመጀመሪያውን ኤክሴፕሽን መልሳችሁ ወርውሩ። እያንዳንዱ ማቆሚያም በራሱ ትራይ ውስጥ ይጠራ፤ አንዱ ማቆሚያ ቢወድቅ ሎግ ይጻፍበት እንጂ ቀጣዮቹን አያግድ።

ክፍሎቹ ከአምስት ስድስት ሲበልጡና ማን በማን ላይ እንደሚደገፍ በእጅ መያዝ ሲያስቸግር ኢንተግራንት ወደተባለው ላይብረሪ ብትሄዱ ይሻላል። በኢንተግራንት ሥርዓቱ ተራ ማፕ ሆኖ ይጻፋል፣ አንዱ ክፍል ሌላውን በ«ሬፍ» ይጠቅሳል፤ «ኢኒት-ኪ» ለእያንዳንዱ ክፍል ማስነሻ፣ «ሆልት-ኪ!» ማቆሚያ ይሆናል። ላይብረሪው ቅደም ተከተሉን ከጥቅሶቹ ራሱ አውጥቶ ያስነሳል፣ በተገላቢጦሽም ያቆማል። ማስነሳቱ መሃል ላይ ቢወድቅ በሚወረውረው ኤክሴፕሽን ዳታ ውስጥ እስከዚያ የተነሳውን ሥርዓት ስለሚያስቀምጥላችሁ፣ ያንን ወስዳችሁ «ሆልት!» ማድረግ ትችላላችሁ። እኔ ግን ጀማሪ ሰው በመጀመሪያ በ«ሪዱስ» የተጻፈውን አንድ ጊዜ በእጁ እንዲጽፈው እመክራለሁ።

ደረጃ 4፦ ሲግናልን መቀበል

እስካሁን ያለው ሁሉ የሚጠቅመው አንድ ሰው «አቁም»ን ሲጠራ ነው። በምርት ላይ ግን የሚጠራው ሰው የለም፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲግናል የሚባል አጭር መልእክት ይልካል። በሊኑክስ ቁጥሩ 15 የሆነው ሲግተርም «ሥራህን ጨርሰህ ውጣ» እንደማለት ሲሆን፣ ቁጥሩ 2 የሆነው ሲግኢንት ደግሞ ኮንትሮልና ሲ ሲጫኑ ይላካል። ሁለቱም ሲደርሱ የጃቫ ማሽኑ ቀድመው የተመዘገቡለትን ሻትዳውን ሁኮች (ሲዘጋ የሚሠሩ ትሬዶች) ያስኬዳል። ቁጥሩ 9 የሆነው ሲግኪል ግን ለፕሮግራሙ ምንም ዕድል ሳይሰጥ ይገድላል፤ እርሱን መያዝ አይቻልም።

ሁክ የሚመዘገበው «አድ-ሻትዳውን-ሁክ» በሚባለው የራንታይም ሜተድ ነው፤ የሚቀበለው ትሬድ ነው። የክሎዠር ፈንክሽን ለጃቫ ራነብል (ትሬድ ሊያስኬደው የሚችል ነገር) ስለሆነ «አቁም»ን በቀጥታ ለአዲስ ትሬድ መስጠት ይበቃል። ልብ የሚባለው ነገር የተለያዩ ሁኮች ሁሉም በአንድ ጊዜ መነሳታቸውና በመካከላቸው ቅደም ተከተል አለመኖሩ ነው። ለፑሉ አንድ ሁክ፣ ለሰርቨሩ ሌላ ሁክ የመዘገበ ሰው በደረጃ 3 የለፋበትን ቅደም ተከተል ሁሉ ያጣዋል። ስለዚህ በመላው ፕሮግራም ውስጥ የእናንተ ሁክ አንድ ብቻ ይሁን፣ ቅደም ተከተሉም በእርሱ ውስጥ ይኑር። የሎግ ላይብረሪዎችም የራሳቸውን ሁክ እንደሚመዘግቡ አትርሱ፤ ለምሳሌ ሎግ4ጄ 2 ከእናንተ ቀድሞ ሊዘጋና የመጨረሻዎቹን የማቆሚያ መልእክቶች ሊያስቀርባችሁ ይችላል፣ ያንን ሁክ በኮንፊገሬሽኑ አጥፍታችሁ ሎጉን በራሳችሁ ማቆሚያ መጨረሻ ላይ መዝጋት ይቻላል። በሁክ ውስጥ «ሲስተም ኤግዚት»ን በምንም ምክንያት አትጥሩ፤ ማሽኑ ሁኩ እስኪያልቅ፣ ሁኩም ማሽኑ እስኪወጣ እየተጠባበቁ ሁለቱም እዚያው ይቀራሉ።

በሌላ በኩል ፕሮግራሙ ሲግናል ሳይመጣበት በራሱ ፈቃድ ሲጨርስ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተንጠልጥሎ የሚቆይ ከሆነ፣ ሥራን በሌላ ትሬድ የሚያስኬደውን ፊውቸር ወይም በ«ሴንድ-ኦፍ» ሥራ የሚላክለትን ኤጀንት ተጠቅማችሁ ይሆናል። የእነርሱ ትሬዶች ሥራ ፈትተው 60 ሰከንድ ይቆያሉ፤ በዋናው ፈንክሽን መጨረሻ ላይ «ሻትዳውን-ኤጀንትስ»ን መጥራት ያሳርፋል።

ደረጃ 5፦ ከውጭ የተሰጠውን ጊዜ ማወቅ

ሲግተርምን የሚልከው አካል (ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድረው ዶከር፣ ኩበርኔቲስ ወይም ሲስተምዲ) ለዘላለም አይጠብቅም። ዶከር ኮንቴይነርን ሲያቆም በነባሪነት 10 ሰከንድ፣ ኩበርኔቲስ 30 ሰከንድ፣ ሲስተምዲ ብዙውን ጊዜ 90 ሰከንድ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሲግኪል ነው። የማቆሚያዎቻችሁ ጊዜ ድምር ከዚህ በታች መሆን አለበት። ለዶከር የሰርቨሩን መጠበቂያ 7 ሰከንድ ማድረግ ለፑሉና ለሎጉ ትንሽ ትርፍ ያስቀራል።

ኩበርኔቲስ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ ፖድ (በኩበርኔቲስ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ክፍል) እንዲጠፋ ሲወሰን ሲግተርም መላኩና ፖዱ ከአገልግሎቱ የአድራሻ ዝርዝር መውጣቱ ጎን ለጎን ይካሄዳሉ፤ ስለዚህ ሲግናሉ ከደረሰ በኋላም ለጥቂት ሰከንዶች አዲስ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ወዲያው በሩን የዘጋ ሰርቨር እነዚያን ጥያቄዎች አይቀበላቸውም። ለዚህ መድኃኒቱ መቸኮልን መተው ነው፦ በመጀመሪያ የጤና መጠየቂያው መንገድ 503 እንዲመልስ አድርጉ፣ 5 ሰከንድ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ ሰርቨሩን እስከ 18 ሰከንድ በሚደርስ መጠበቂያ አቁሙ፣ የቀረውን ለሌሎቹ ክፍሎች ተዉ። ይህን 5 ሰከንድ በፕሪስቶፕ (ኩበርኔቲስ ከሲግተርም በፊት በሚያስኬደው ትእዛዝ) በኩል ብታስጠብቁትም ከዚያው ከ30ው ላይ እንደሚቀነስ አስቡ።

ሁሉም በትክክል ተጽፎ ሳለ ዶከር ሁልጊዜ ሙሉውን 10 ሰከንድ የሚወስድና የመውጫው ቁጥር 137 የሚሆን ከሆነ፣ ሲግናሉ ለፕሮግራማችሁ አልደረሰም ማለት ነው። 137 የ128 እና የ9 ድምር ስለሆነ በሲግኪል መሞቱን ይናገራል። የተለመደው ምክንያት በዶከርፋይሉ ውስጥ ማስነሻው ትእዛዝ እንደ ተራ ጽሑፍ መጻፉ ነው፤ ያኔ ቁጥር 1 ፕሮሰስ የሚሆነው ሼሉ ነው፣ እርሱም ብዙውን ጊዜ ሲግናሉን ለጃቫ አያስተላልፍም። ትእዛዙን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ በዝርዝር መልክ ጻፉት፣ ወይም በማስነሻ ስክሪፕቱ ውስጥ ከጃቫ በፊት «ኤግዜክ» ጨምሩ። በሲግተርም በሥርዓት የወጣ የጃቫ ፕሮግራም 143 ይመልሳል፤ ሲስተምዲ ይህን እንደ ውድቀት ስለሚቆጥረው በአገልግሎቱ ፋይል «ሰክሰስ-ኤግዚት-ስታተስ» በሚለው ቦታ 143 ብላችሁ አስመዝግቡት።

ደረጃ 6፦ መፈተን

ለተጻፉ ፈተናዎች ሌላ ፈንክሽን የሚቀበል አንድ ፈንክሽን ጻፉ፤ እኔ «ከሰርቨር-ጋር» እለዋለሁ። ሰርቨሩን በፖርት 0 ያስነሳል፣ ይህም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነፃ ፖርት እንዲመርጥ ያደርገዋል፤ የተመረጠውን በ«ሰርቨር-ፖርት» አንብቦ ለተቀበለው ፈንክሽን ይሰጣል፣ በፋይናሊ ውስጥም ማቆሚያውን ይጠራል። ሃስክልን የሚያውቅ ሰው «ብራኬት»ን፣ ስካላን በካትስ-ኢፌክት የሚጽፍ ሰው «ሪሶርስ»ን እዚህ ላይ ያያል፤ ሐሳቡ ያው ነው።

ከዚያ በእጅ ሞክሩት። 5 ሰከንድ ተኝቶ ምላሽ የሚሰጥ አንድ መንገድ በሃንድለሩ ላይ ጨምሩ፣ ፕሮግራሙን በጃር ፋይሉ አስነሡ፣ በሌላ ተርሚናል በካርል (ጥያቄ በሚልከው ትእዛዝ) ያንን መንገድ ጥሩ፣ ምላሹ ሳይመጣ በሦስተኛው ተርሚናል ሲግተርም ላኩ። ሌይኒንገን የተባለው የክሎዠር ፕሮጀክት ማስኬጃ ፕሮግራሙን በሌላ የጃቫ ፕሮሰስ ውስጥ ስለሚያስኬደው ሲግናሉን ለተሳሳተው ፕሮሰስ እንዳትልኩ በጃሩ መሞከር ይሻላል። በሥርዓት የሚቆም ፕሮግራም የተጀመረውን ጥያቄ በ200 ይጨርሳል፣ በዚያው መሃል የመጣውን አዲስ ግንኙነት አይቀበልም፣ በመጨረሻም በ143 ይወጣል። ወዲያው መልሳችሁ ስታስነሱት ፖርቱ ተይዟል ከተባለ ጥፋቱን በታይም-ዌይት (ግንኙነት ከተዘጋ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በሚቆየው ሁኔታ) ላይ አታላክኩ፤ ጃቫ በሊኑክስ ላይ ለሰርቨር ሶኬቶች አድራሻውን መልሶ መጠቀም ስለሚፈቅድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፖርቱን የያዘው በሕይወት ያለ ፕሮሰስ ነው፣ እርሱንም «ኤስኤስ» የሚለው ትእዛዝ ያሳያችኋል።

ይህ ሲሳካ ያንኑ ሙከራ በሲግኪል ድገሙት። ሁኩ አይነሳም፣ ጥያቄው መሃል ላይ ይቆረጣል፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚሆነውም ይኸው ነው፣ ያኔ ሲግተርም የሚልክ ማንም የለም። አሁን ዳታቤዙን ከፍታችሁ ሠራተኛው ጀምሮ ያልጨረሰው ሥራ በምን ሁኔታ ተመዝግቦ እንደቀረ ተመልከቱ። «በሂደት ላይ» ተብሎ ለዘላለም የሚቀር መዝገብ ካገኛችሁ፣ የሠራተኛው ማስነሻ ሲነሳ በቅድሚያ እንዲህ ያሉትን መዝገቦች ፈልጎ ወደ ወረፋው እንዲመልሳቸው አድርጉ።